ጀማሪው የሕግ ሰው በማን እጅ ያድግ ነበር?

የሕግ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ለተግባር ልምምድ በሚያሰማሩበት ወቅት በፍርድ ቤቶች፣ በዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤቶችና በጠበቆች ቢሮ ደጃፍ የትብብር ደብዳቤ የያዙ ወጣቶች ይበዛሉ። አንዳንዱ የሚያስጠጋው ሰው አግኝቶ የክስ ማመልከቻ አጻጻፍ ይማራል፤ ሌላው መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሲያቀብል ይከርማል፤ ሌላው ደግሞ ልምምዱን ጨርሷል የሚል ወረቀት ማኅተም እንዲመታለት ብቻ ይመላለሳል። ሲመረቅ የሚጠየቀውም የታወቀ ነው፦ የሥራ ልምድ። ለዚህ ሁሉ ችግር የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት የተመራቂው መብዛት ነው። የሕግ ትምህርት ቤት በየክልሉ ተከፈተ፣ ምሩቁ ከሥራው በለጠ ይባላል። የሙያውን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ለሚመረምር ሰው ግን ይህ ምክንያት አይበቃም። የሕግ ምሩቅ በጣት በሚቆጠርበት ዘመንም ቢሆን ጀማሪውን ተቀብሎ፣ አጠገቡ አስቀምጦ፣ ስሕተቱን እያረመ ለሙያ የማብቃት ግዴታ የነበረበት የሙያ ተቋም በኢትዮጵያ አልነበረም። ክፍተቱን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሸፍኖ የኖረው መንግሥት ነው፤ የሸፈነውም ከማሠልጠን ይልቅ በመሾም ነው። ሹመቱ ሲቀንስ የተገለጠው ያኔም የነበረው ክፍተት ነው።

ከዘመናዊው ሕግ በፊት ሙግት የአደባባይ ጉዳይ ነበር። ባላጋራዎች በዛፍ ጥላ ሥር፣ በአጥቢያ ዳኛ ፊት ወይም በገዢው ግቢ ቆመው በላ ልበልሃ እየተባባሉ ሲከራከሩ ሕዝቡ ከብቦ ይሰማል። መንገደኛን አስቁሞ ዳኛ ማድረግ እንኳ የተለመደ ነበር። ተከራካሪው ቃሉን በውርርድ ያጠብቃል፤ ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ይይዛል፤ ዋስ ይጠራል። ልጅ እግሩ ይህን ሁሉ እያየ ያድጋል፦ የትኛው ጥያቄ ባላጋራን መውጫ እንደሚያሳጣ፣ ምስክር በምን እንደሚነቀፍ፣ መቼ ዝም ማለት እንደሚሻል። አንደበቱ የተፈታለት ዘመዱን ወክሎ መቆም ይጀምራል፤ ስሙ ሲወጣ ሌላውም ጠበቃ አድርጎ ይይዘዋል፤ ባለርስቱና መኳንንቱ ደግሞ ነገረ ፈጅ አድርገው ያሳድሩታል። የተጻፈው ሕግ፣ ፍትሐ ነገሥት፣ መንገዱ ሌላ ነበር። እሱ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ ከመጻሕፍት ትርጓሜ ጋር በመምህር እግር ሥር ሆኖ የሚጠና ሲሆን፣ በዙፋን ችሎት ከባድ ነገር ሲቀርብ አንብበው የሚፈቱት ሊቃውንት ነበሩ። አንደኛው በአደባባይ፣ ሌላኛው በጉባኤ ቤት ይሁን እንጂ በሁለቱም ዘንድ ጀማሪው ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ነበር፤ ሥራው ሲሠራ እያየ ነበር የሚማረው።

ይህን ዘመን ማስዋብ አይገባም። አደባባዩ ለሁሉም እኩል ክፍት አልነበረም፤ ሴት ልጅ ተከራካሪ ሆና ትቆም ይሆናል እንጂ ተሟጋችነትን ሙያዬ ብላ የምታድግበት ቦታ አልነበራትም። የመኳንንት ነገረ ፈጅ የሚሆነው ለጌታው የቀረበ ሰው ነው። አንደበተ ርቱዕነትም እውነትን ሲያሸንፍ የታየበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚጠቅመው ግን አሠራሩ ፍትሐዊ ነበር ማለቱ አይደለም፤ ዕውቀቱ ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚሸጋገርበት የታወቀ መንገድ ነበረ ማለቱ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትርነቱን ያዙ፤ የዳኝነቱም ሥራ ቀስ በቀስ ወደ ጽሕፈትና ወደ መዝገብ አዘነበለ። በዚያም ጊዜ ቢሆን በወንበር ዳኞች ዘንድ በጸሐፊነት ያገለገለ ወጣት ፍርድ እንዴት እንደሚሰጥ ከቅርብ ያይ ነበር። መንገዱ መልኩን ለወጠ እንጂ አልተቋረጠም።

የተቋረጠው በኋላ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አደራጀ፤ ነጋሪት ጋዜጣም በዚያው ዓመት መታተም ጀመረ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ጠበቆች በመዝገብ እንዲገቡ የሚያዝ ደንብ ወጣ። በዚህ መዝገብ የገቡት አብዛኞቹ ሰዎች የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጡ አልነበሩም፤ ያሳደጋቸው ችሎት ነው። ከዚያ ግን ኮዶቹ ተከታትለው መጡ፦ የወንጀለኛ መቅጫ በ1949፣ የፍትሐ ብሔር፣ የንግድና የባሕር ሕጎች በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት በ1954፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት በ1958 ዓ.ም.። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ስድስት ኮድ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ፣ የወንጀለኛ መቅጫውን ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3347 ደግሞ ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ይሠራባቸው የነበሩትን በጽሑፍም ሆነ በልማድ የኖሩ ደንቦች ሁሉ ሻረ። የዚህ ቁጥር ውጤት የሚታሰበው ብዙ ጊዜ በባህላዊ ሕግ ላይ ብቻ ነው። በሙያው ትውልድ ላይ ያደረሰው ግን ከዚያ አያንስም። አንድ አዛውንት ተሟጋች በአርባ ዓመት ያከማቸው ዕውቀት፣ የርስቱ ወግ፣ የዋሱ ሥርዓት፣ የውሉ ልማድ፣ በፍርድ ቤት ፊት ዋጋውን በአንድ ቀን አጣ። ለታናሹ የሚያወርሰው ነገር በሕግ ተሻረበት።

በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የሕግ ፋኩልቲ የተመሠረተው በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ፤ ከመምህራኑም አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ የፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብም ረድቷል። እነዚህ መምህራን የሠሩት ሥራ ትልቅ ነው። ማስተማሪያ መጽሐፍ ስላልነበረ ራሳቸው አዘጋጁ፤ የታተመ ፍርድ ስላልነበረ በ1957 ዓ.ም. ግድም በተጀመረው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት ላይ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን አወጡ፤ አባ ጳውሎስ ፃድዋ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱትን ፍትሐ ነገሥትም ፋኩልቲው አሳተመው። ከዚህ ሁሉ ጋር ፋኩልቲው በሥራ ላይ ላሉ ዳኞችና የመንግሥት ሠራተኞች የማታ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ይህ የማታ ክፍል ታሪኩን በግልጽ ያሳያል። በሌላ አገር ወጣቱ የሕግ ምሩቅ ወደ አንጋፋው ዳኛ ወይም ጠበቃ ሄዶ ሙያ ይለምዳል፤ እዚህ አንጋፋው ዳኛ ራሱ ወጣቱ ወደሚማርበት ክፍል መጣ። አዲሱን ሕግ ቀድሞ ያወቀው ታናሹ ነው። ችሎት እንዴት እንደሚመራ፣ ባለጉዳይ እንዴት እንደሚያዝ፣ ምስክር መቼ እንደሚዋሽ የሚያውቀው ግን ታላቁ ነው። ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኝተው ነበር፤ የሚያስተሳስራቸው ሥርዓት ግን አልተበጀም። ዳኛው ከኮዱ የሚያስፈልገውን ይዞ ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ ተማሪው ዲግሪውን ይዞ ወጣ።

በዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይላክ ነበር። አገልግሎቱ አገር በማወቅ በኩል የሰጠው ጥቅም የሚካድ አይደለም። ሆኖም ከተላኩት አብዛኛው የተመደበው በአስተማሪነት ስለነበረ፣ የሕግ ተማሪው ከመማሪያ ክፍል የሚርቅባት አንዲት ሙሉ ዓመት በችሎት ልታልፍ ስትችል በሌላ መማሪያ ክፍል አለፈች። ፋኩልቲው ምስለ ችሎት ያካሂድ ነበር፤ ክርክሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ግን የሚሠራው በአማርኛ ነው። አንድ ምሩቅ ስለ ውል ሕግ መሠረተ ሐሳብ በእንግሊዝኛ ሃያ ገጽ መጻፍ ችሎ አንድ ገጽ የመከላከያ መልስ በአማርኛ ለመጻፍ የሚቸገርበት ሁኔታ ያኔ ተወለደ። ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ያንን አንድ ገጽ ከምሩቁ የተሻለ ይጽፈው ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

አብዮቱ ይህን ነባር ክፍተት አሰፋው። በ1967 ዓ.ም. ተማሪው ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲወጣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በዚያው ዓመት የገጠር መሬት፣ ቀጥሎም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። ለጠበቃ እንጀራው የነበረው የርስትና የቤት ክርክር አብዛኛው በዚህ ተነነ፤ የቀረውም ጥቃቅን ጉዳይ ወደ ገበሬ ማኅበራትና ወደ ቀበሌ የፍርድ ሸንጎዎች ሄደ፤ እዚያ የሚፈርዱት ከነዋሪው የተመረጡ ሰዎች ነበሩ። የግል ጥብቅና እየመነመነ ሲሄድ፣ ወጣቱን አጠገቡ አድርጎ ሊያሠለጥን ይችል የነበረው ብቸኛው ነጻ ባለሙያ አቅም አጣ። ተመራቂው ደግሞ በመንግሥት ምደባ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም የመሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ ሆነ። ሥራ ፍለጋ የሚባል ጭንቀት ስላልነበረበት የዚያን ዘመን ምሩቅ የዛሬው ይቀናበት ይሆናል። ነገር ግን ምን ዓይነት አጀማመር እንደነበረ ማየት ያስፈልጋል፦ አንድም ቀን ጠበቃ ሆኖ ያልተከራከረ ወጣት የሁለት ጠበቆችን ክርክር መዝኖ እንዲፈርድ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሙያውን የተለማመደው በተከራካሪዎች ጉዳይ ላይ ነው፤ ለስሕተቱም የሚከፍሉት እነሱ ነበሩ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፤ ተቃውሞውም ክብደት አለው። የመንግሥት ምደባ ባይኖር የድሀው ልጅ ወደ ሙያው በምን ይገባ ነበር? ሙያው በአንጋፋ ጠበቆች እጅ ቢሆን ኖሮ ቦታው ለዘመድና ለወዳጅ ልጅ ይሰጥ አልነበረምን? ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ታሪክ አለ። ከአሶሳ የመጡት መዓዛ አሸናፊ ሕግ አጥንተው በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው፣ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ፤ በኋላ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ካቋቋሙት አንዷ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። የድሮው አደባባይ እንዲህ ያለ መንገድ ለአንዲት ሴት አልከፈተም ነበር። ስለዚህ ተቃውሞውን በከፊል እቀበለዋለሁ፦ መንግሥት በሩን ለብዙዎች ከፍቷል፣ ያንንም ማንም ሌላ አላደረገውም። ይሁንና በር መክፈትና ማሠልጠን ለየቅል ናቸው። ከተሾሙት መካከል ጎበዞቹ በራሳቸው ጥረት ተማሩ፤ የቀሩት ግን ያላዩትን አሠራር እየገመቱ ሠሩ፣ የሚያርማቸውም ይግባኝ ሰሚው ችሎት ብቻ ነበር። ይግባኝ ደግሞ ፍርዱን ያርማል እንጂ ዳኛውን አያስተምርም።

መንግሥት ሳያስበው እውነተኛ ትምህርት ቤት የከፈተበት አንድ ጊዜ አለ። በ1984 ዓ.ም. የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ተከፈተ፤ የዋናው መዝገብ የጥፋተኝነት ፍርድ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። ከተከሳሾቹ ብዙዎቹ ጠበቃ ማቆም ስላልቻሉ የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት እንዲደራጅ ይህ ሁኔታ ግፊት አደረገ። በሁለቱም ወገን ብዙ ወጣት ሕግ አዋቂዎች ተሰለፉ። በሺዎች የሚቆጠር ሰነድ ማደራጀት፣ ምስክር ማዘጋጀትና መስቀለኛ ጥያቄ ማቅረብ፣ በዓለም አቀፍ ወንጀል ሕግ ላይ መቃወሚያ ማንሳትና ለመቃወሚያ መልስ መስጠት፣ ይህን ሁሉ ከአንድ መዝገብ ጋር ዓመታት በመኖር ተማሩት። ክሱ መጓተቱ ለተከሳሹም ለተበዳዩም በደል ነበር፤ የፍትሕ ጥያቄዎቹም ዛሬ ድረስ አልተዘጉም። ለሙያው ግን አንድ ነገር አሳይቷል፦ ጀማሪው ከሌሎች ጋር በቡድን፣ በአንድ ከባድ ጉዳይ ላይ፣ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ይበቃል። ነጠላ ሹመት ይህን አይሰጥም።

ታዲያ የግል ጠበቆች ለምን ይህን አልሠሩም? ብዙ ሰው ስስት ወይም ፍርሃት ነው ይላል፤ ጀማሪው ሙያውን ከለመደ በኋላ ደንበኛ ይወስድብኛል የሚል ስጋት። ስጋቱ መኖሩን አልክድም፤ ዋናው ምክንያት ግን ከሰው ጠባይ ይልቅ በሕጉ ውስጥ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የጥብቅና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 199 ፈቃዱን የሚሰጠው ለግለሰብ ነበር፤ ጠበቆች ተሰባስበው ሕጋዊ ሰውነት ያለው የጥብቅና ድርጅት የሚያቋቁሙበት መንገድ አልነበረም። ጠበቃው ሲታመም ቢሮው ይታመማል፤ ሲያርፍ ቢሮው ይዘጋል። ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ የማይኖር ቢሮ ለነገ ብሎ ሰው የሚያሳድግበት ምክንያት የለውም። በዚያው አዋጅ ምሩቁ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለመከራከር ሁለት ዓመት፣ በሁሉም የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለመከራከር አምስት ዓመት የሕግ ሥራ ልምድ ይጠየቅ ነበር። ልምድ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ባለጉዳዩን ይጠብቃል። ልምዱ ከየት ይገኛል ለሚለው ግን በተግባር የነበረው ሰፊ መልስ አንድ ነው፦ ከመንግሥት። ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ነገረ ፈጅ ሆነህ ና እንደማለት ነው። ጥብቅና የራሱን ተተኪ የሚያሠለጥን ሙያ መሆኑ ቀርቶ ከመንግሥት ቤት የሚወጡ ሰዎች የሚገቡበት ሁለተኛ ሕይወት ሆነ።

ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ፌዴራላዊው ሥርዓት ለየክልሉ ፍርድ ቤቶች ብዙ ዳኛና ዐቃቤ ሕግ ስለፈለገ፣ የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅን ጨምሮ የሕግ ትምህርት ቤቶች በዙ፤ በአዋጅ ቁጥር 364/1995 ደግሞ የፍትሕ አካላት ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተቀረጸው የሕግ ትምህርት ማሻሻያ የአምስት ዓመቱን ሥርዓተ ትምህርት፣ ኤክስተርንሺፕ የሚባለውን የተግባር ልምምድና የመውጫ ፈተናን ይዞ መጣ። ሌላው ትምህርት በ2015 ዓ.ም. የጀመረውን የመውጫ ፈተና የሕግ ተማሪ ከዚያ ዓመታት ቀድሞ ተፈትኖበታል። ከማሻሻያው ሁሉ ፍሬያማ ሆኖ ያገኘሁት በየዩኒቨርሲቲው የተከፈቱትን የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ነው። እዚያ ተማሪው የሚያገኘው እውነተኛ ባለጉዳይ ነው፦ ቀለብ የተከለከለች እናት፣ ደመወዙ የተያዘበት የጉልበት ሠራተኛ፣ ውርሱን የተቀማ ወላጅ አልባ። ታሪኩን ሰምቶ ከስሜቱ ውስጥ ፍሬ ነገሩን መለየት፣ ማስረጃ መጠየቅ፣ ቀጠሮ ማክበር ይማራል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከአሥር በመቶ በላይ ገቢያቸው ከውጭ የሆነ ድርጅቶችን ከመብት ሥራ ባገደበት ዘመን፣ የሴት ሕግ ባለሙያዎችን ማኅበር የመሰሉ ድርጅቶች አገልግሎታቸው ሲሳሳ፣ ከሸክሙ የተወሰነውን የተሸከሙት እነዚህ ማዕከላት ናቸው። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. ተለውጧል፤ ማዕከላቱ ግን አሁንም ያስፈልጋሉ።

ኤክስተርንሺፑ ታዲያ ችግሩን አልፈታውም ወይ የሚል ይኖራል። በወረቀት ላይ ፈትቶታል። ነገር ግን ግዴታውን የጣለው በተማሪውና በዩኒቨርሲቲው ላይ ነው፤ ተቀባዩ የሚያደርገው በፈቃዱ ነው። ተማሪውን ተቀብሎ ሥራ ያልሰጠ ቢሮ የሚጠየቅበት ነገር የለም፤ ጊዜውን ሰውቶ ያስተማረም የሚቆጠርለት ነገር የለም። እዚህ ጋ ነው የብዛቱ ምክንያት የሚፈርሰው። ተመራቂው በግማሽ ቢቀንስ እንኳ ተቀባዩን የሚያስገድድ ወይም የሚያበረታታ ነገር እስከሌለ ድረስ የቀረው ግማሽ በሰው በሰው ቦታ ይፈልጋል፤ ሰው የሌለውም ይቀራል። ብዛቱ ጉዳቱን አጎላው እንጂ አልፈጠረውም። በሌላ በኩል በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የሰበር ሰሚው ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ከተደረገ በኋላ ውሳኔዎቹ በቅጽ እየታተሙ መውጣታቸው ለጀማሪው ትልቅ ስጦታ ሆኗል፤ የሚያስጠጋው አንጋፋ ያላገኘ ወጣት ቢያንስ ዳኞች እንዴት እንደሚያስቡ በአማርኛ የሚያነብበት ጽሑፍ አለው። ይሁንና ከታተመ ውሳኔ የሚገኘው የክርክሩ መጨረሻ ነው። ጠበቃው ምን ጥያቄ ሳይጠይቅ እንደተወ፣ ለምን እንደታረቀ፣ ባለጉዳዩን ምን ብሎ እንዳረጋጋው በቅጹ ውስጥ አይጻፍም።

በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ሁለት ነገሮች ተለወጡ፦ ጠበቆች ድርጅት ማቋቋም ቻሉ፤ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርም በሕግ ተመሠረተ። በዚህ ታሪክ ዓይን ሲታይ ከመሥራቾቹ በላይ የሚኖር ቢሮ እና ስለ ሙያው በአጠቃላይ የሚጠየቅ አካል አብረው የተገኙት ገና አሁን ነው። ድርጅቶቹ ጥቂትና ትንሽ ናቸው፣ ለተለማማጅ የሚከፍሉት የላቸውም ይባላል፤ እውነት ነው። ያለ ክፍያ ይምጡ ማለት ደግሞ ሙያውን ቤተሰቡ ለሚደጉመው ልጅ ብቻ መተው ነው፤ የመንግሥት ምደባ የከፈተውን በር መልሶ መዝጋት ይሆናል። ስለዚህ የምደግፈው ሕጉ ቀድሞ የሚያውቀውን መንገድ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 ጠበቃው በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ለድሆች በነጻ ወይም በዝቅተኛ ክፍያ እንዲሠራ አዝዞ ነበር። ያ ሰዓት በሕግ ድጋፍ ማዕከል ውስጥ፣ ተማሪ አጠገብ ተቀምጦ፣ በአንድ ባለጉዳይ መዝገብ ላይ የሚውል ቢሆን ባለጉዳዩ ልምድ ያለው ጠበቃ ያገኛል፣ ተማሪውም ያንን ጠበቃ ሲሠራ ያያል፤ የትራንስፖርትና የምሳ ወጪውንም ከአባላት መዋጮ መሸፈን ለማኅበሩ ከባድ አይሆንም። ማኅበሩ የጠበቃውን ሰዓት ሲቆጥር በተማሪው ፊት የዋለውን ለይቶ ቢመዘግብ፣ ተማሪውም ያንን ምዝገባ ለጥብቅና ፈቃድ ሲያመለክት እንደ ልምድ ቢያቀርበው፣ ልምድ የሚገኘው ከመንግሥት ብቻ ነው የሚለው የቆየ አሠራር የመጀመሪያ አማራጩን ያገኛል።